«መጠገን» ወይስ «ማትረፍ»? በቤት ውስጥ ስለሚበላሽ ሃርድ ዲስክ በምንናገርባቸው ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

ለእንግዳ ዕቃ ወይም አሠራር የአማርኛ ስያሜ ሲቀርብ፣ ስያሜውን የምንመዝንባቸው መለኪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው። አንደኛው ቃሉ ከቋንቋው ሥር የበቀለ መሆኑ፣ ሁለተኛው ለአፍም ለጆሮም የሚመች መሆኑ፣ ሦስተኛው ከባዕዱ ቃል ፍቺ ጋር የሚገጥም መሆኑ ነው። መለኪያዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ በእጅ ለሚሠራ ሥራ የሚወጣ ስያሜ አራተኛ መለኪያ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም «ቃሉን የሰማ ሰው እጁን ወዴት ይሰድዳል?» የሚለው ነው። የተሳሳተ ስያሜ በመጽሐፍ ውስጥ ሲገኝ አንባቢን ያደናግራል፤ በሥራ ላይ ሲገኝ ግን ንብረት ያጠፋል።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመሩት፣ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ መበላሸት ሲጀምር በውስጡ ያለውን ጽሑፍና ሥዕል ለማውጣት በሚደረገው ጥረት ዙሪያ የተለመዱ ቃላት ናቸው። «ተቃጠለ»፣ «ጠፋ»፣ «ተሰረዘ»፣ «ይጠገን»፣ «መልሶ ማግኘት»፣ «ምትኬ» የሚሉት ከሁሉ ይበልጥ ይሰማሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከሚታሰበው በላይ ትክክል ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ሊታረሙ ይገባል። አንዱ ደግሞ አደገኛ ነው።

ነገሩን በራሴ ቤት ከደረሰው ልጀምር። በ2014 ዓ.ም. ክረምት በቤቴ በነበረ ኮምፒውተር ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት ከሸማኔዎች አፍ የለቀምኋቸው የሙያ ቃላት ተቀምጠው ነበር። ስለ ድርና ማግ፣ ስለ መወርወሪያና ቀሰም፣ ስለ ጥለት ዓይነቶች የተነገሩ፣ እያንዳንዳቸው ከነምሳሌያቸው የተመዘገቡ ቃላት ናቸው። ከተናጋሪዎቹ መካከል ሦስቱ በዚያ ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። ስለዚህ ከመዝገቡ የሚጠፋው ቃል፣ ተመልሶ ባለቤቱ የሚጠየቅበት ቃል አልነበረም።

አንድ ማታ ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው አልከፍት አለ። ከሣጥኑ ውስጥ በየጥቂት ሴኮንዱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከብዙ መዘግየት በኋላ ዲስኩ ስሕተት እንደ ተገኘበትና ሊጠገን እንደሚችል የሚገልጽ መልእክት በማያ ገጹ ላይ ወጣ። መልእክቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢሆንም እኔ ያነበብሁት በአማርኛ ነበር፤ «ይጠገን?» ይለኛል። «አዎን» ብዬ መለስሁ። በአማርኛ ተናጋሪ አእምሮ ውስጥ ጥገና ክፉ ሆኖ አያውቅምና። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፤ ሰው የሚያፈስ ጣራውን፣ የተነቃነቀ ወንበሩን ይጠግናል። የዲስኩ ጥገና ሌሊቱን ሙሉ ሲካሄድ አደረ። ሲነጋ ዲስኩ ለኮምፒውተሩ ጨርሶ አልታይ አለ። ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ብወስደው ባለሙያው ጥቂት ካገላበጠው በኋላ በአንድ ቃል ፈረደ፤ «ተቃጥሏል» አለ።

ዲስኩ አልተቃጠለም ነበር። ከብዙ ሳምንት በኋላ አንድ ወዳጄ ተረክቦት በአራት ቀን ትዕግሥት ከመዝገቡ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን አወጣልኝ። የቀረው ሩብ ግን ቀረ። ከቀረው ውስጥ ምን ያህሉ በዚያች በአንዲት የጥገና ሌሊት እንደ ጠፋ ለመቁጠር ባይቻልም፣ ወዳጄ አሠራሩን ካስረዳኝ በኋላ፣ ያጠፋኝ ዲስኩ ብቻ ሳይሆን «ይጠገን» የሚለው ቃልም እንደ ነበረ ተረዳሁ። የዚህ ሂስ መነሻም ይኸው ነው።

ወደ ቃላቱ ከመግባታችን በፊት ስለ ዕቃው ጥቂት ማለት ይገባል። በሃርድ ዲስክ ውስጥ ከአሉሚኒየም ወይም ከመስተዋት ተሠርተው የማግኔት ጠባይ ባለው ስስ ሽፋን የተለበጡ ክብ ሰሌዳዎች አሉ። በቤት ኮምፒውተሮች ውስጥ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። ጽሑፉን የሚያነብበውና የሚጽፈው ጭንቅላት ሰሌዳውን ሳይነካ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ይንሳፈፋል። የሰው ጠጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ናኖሜትር የሚለካ መሆኑን ስናስብ፣ አንዲት የአቧራ ቅንጣት በዚያ ክፍተት ውስጥ ቋጥኝ መሆኗ ግልጽ ይሆናል። የሰሌዳው ገጽ ሴክተር በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች የተሸነሸነ ሲሆን፣ አንዱ ሴክተር ለረጅም ዘመን 512 ባይት ይይዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ወዲህ በተሠሩት ብዙ ዲስኮች ግን 4,096 ባይት ይይዛል። ከጽሑፉ ሌላ ደግሞ የትኛው ፋይል በየትኞቹ ሴክተሮች እንደ ተቀመጠ የሚያመለክት መዝገብ በዲስኩ ላይ አለ። ይህ መዝገብ በቤተ መጻሕፍት ካለው የካርድ ማውጫ ጋር ይመሳሰላል፤ ካርዱ ቢጠፋም መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ሊኖር ይችላል።

ከዚህ እንደምንረዳው የዲስክ ብልሽት ቢያንስ በሦስት ቦታ ሊደርስ ይችላል። አንደኛው መዝገቡ ሲዛባ ነው፤ ጽሑፉ በቦታው አለ፣ አድራሻው ግን ተሳስቷል። ሁለተኛው የሰሌዳው ገጽ በከፊል ሲጎዳ ነው፤ አንዳንድ ሴክተሮች አይነበቡም፣ ሌሎቹ ግን ይነበባሉ። ሦስተኛው ጭንቅላቱ፣ ሞተሩ ወይም የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ሲሰበር ነው። «ተቃጠለ» የሚለው ቃል እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ይደፈጥጣቸዋል። ቃሉ የመጣው ከአምፖልና ከሞተር ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍና ዝቅ ማለት ብዙ ዕቃ ያቃጠለበት ኅብረተሰብ ቃሉን ለማንኛውም ብልሽት ቢጠቀምበት አያስደንቅም። ነገር ግን የተቃጠለ አምፖል ይጣላል እንጂ አይመረመርም። ዲስኩ «ተቃጠለ» የተባለ ሰውም ዲስኩን ይጥለዋል፤ በውስጡ ያለው ጽሑፍ ግን በአብዛኛው ገና አለ። በእውነት የሚቃጠለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ብቻ ስለ ሆነ ቃሉም ለእርሱ ብቻ ተለይቶ ቢቀመጥ መልካም ነው። ለሦስቱ ደረጃዎች «የመዝገብ መዛባት»፣ «የገጽ ጉዳት»፣ «የአካል ስብራት» የሚሉትን አቀርባለሁ። ሦስቱም አዲስ ፈጠራ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ግን ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት ያመለክታል።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃው ስም አንድ ነገር ልጨምር። «ሃርድ ዲስክ» የሚለውን ቃል በቃል «ጠንካራ ዲስክ» ብለው የሚተረጕሙ አሉ። ስያሜው ግን የንጽጽር ስያሜ ነው። አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው የመጀመሪያው መሣሪያ 50 ታላላቅ ሰሌዳዎች ተደርድረው በድምሩ 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ይይዙ ነበር። በዚያን ጊዜ ሌላ ዓይነት ዲስክ ስላልነበረ «ሃርድ» የሚል ቅጽል አላስፈለገም። ቅጽሉ ያስፈለገው እ.ኤ.አ. በ1971 ተጣጣፊው ዲስክ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ተጣጣፊው ዲስክ ዛሬ ከቤት ስለ ጠፋ «ጠንካራ» የሚለው ቅጽል ተነጻጻሪ አጥቷል፤ ለሰሚውም «የማይሰበር» የሚል የሐሰት ዋስትና ይሰጣል። ስለዚህ «ሃርድ ዲስክ» የሚለው የውሰት ቃል እንዳለ ቢቀጥል የተሻለ ነው። በዚሁ መንገድ «ሴክተር»ም ይቀጥል። «ባድ ሴክተር» ለሚባለው ግን «መጥፎ» ከማለት «የማይነበብ ሴክተር» ማለት ይሻላል፤ መነበብና አለመነበብ ልንመሰክረው የምንችለው ነገር ነውና።

ቀጥሎ የምናየው «ተሰረዘ» የሚለውን ነው። በዚህ ቃል ላይ የማቀርበው ሂስ ምስጋና ነው። ሰው አንድን ፋይል ከኮምፒውተሩ ሲያስወግድ፣ በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ ጽሑፉ ወዲያው አይነካም፤ የሚለወጠው መዝገቡ ነው። ለምሳሌ ፋት በሚባለው የመዝገብ ሥርዓት የፋይሉ ስም የመጀመሪያ ፊደል በአንድ ምልክት ይተካና ቦታው «ባዶ ነው» ተብሎ ይቆጠራል። ሌላ ጽሑፍ መጥቶ እስኪደረብበት ድረስ የቀድሞው ጽሑፍ በሥፍራው አለ። በአማርኛ «ሰረዘ» ማለት በጽሑፍ ላይ መስመር አሰመረ ማለት ነው፤ ከመስመሩ ሥር ፊደሉ ይታያል። ከዚህ የበለጠ የሚገጥም ቃል ማግኘት ያስቸግራል። «ጠፋ» ግን አይገጥምም። መብራት ይጠፋል፣ በግ ይጠፋል፣ ዘር ይጠፋል፤ አንዱ ተመልሶ ይበራል፣ ሁለተኛው ይፈለጋል፣ ሦስተኛው ላይመለስ ሄዷል። «ፋይሌ ጠፋ» የሚል ሰው ከሦስቱ የትኛውን እንደሚል ራሱም አያውቅም።

አንዳንድ ተርጓሚዎች በ«ሰረዘ» ፈንታ «ደመሰሰ» ይላሉ። ይህ ከሆነው በላይ ያውጃል፤ የተደመሰሰ ጦር ተመልሶ አይሰለፍም፣ የተሰረዘ ፋይል ግን ሊመለስ ይችላል። ጽሑፉ ራሱ ከሥፍራው ተነሥቶ የማይመለስ ሲሆን የሚስማማው «ፋቀ» የሚለው ነው። የብራና ጸሐፊ የተሳሳተውን በምላጭ ሲፍቀው ቀለሙ ከብራናው ይነሣል፤ በተፋቀውም ላይ ሌላ ይጻፋል። ስለዚህ «ሰረዘ» እና «ፋቀ» የሚሉት ሁለቱ በየድርሻቸው ተለይተው ቢሠራባቸው አንባቢ በአንድ ቃል ብቻ ተስፋ መኖሩንና አለመኖሩን ያውቃል። ሆኖም የማይሽከረከረው፣ ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ዓይነት ማስታወሻ ለየት ይላል። በዚያ ላይ ፋይል ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ ቦታው እንደማይፈለግ ለዕቃው ያስታውቃል፤ ዕቃውም በራሱ ጊዜ ቦታውን ያጸዳዋል። እዚያ ስርዘት ብዙውን ጊዜ ሳይዘገይ ወደ ፍቀት ይለወጣል። መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ ይህ ልዩነት በፍቺው ውስጥ ሊገባ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። «ይጠገን?» ሲባል የሚጠገነው ምንድን ነው? የጥገና ፕሮግራም የሚያየው መዝገቡን ነው። ዓላማው መዝገቡ እርስ በርሱ እንዲስማማ ማድረግ ነው እንጂ የእኔን የሸማኔ ቃላት ማዳን አይደለም። ባለቤት ያጣ የፋይል ቁራጭ ሲያገኝ ስሙን ትቶ በቁጥር ሰይሞ ወደ አንድ ጥግ ይሰበስበዋል፤ ወይም ቦታውን ነጻ ያደርገዋል። ጤነኛ በሆነ ዲስክ ላይ መዝገቡ ብቻ ከተዛባ ይህ ጠቃሚ ሥራ ነው። ገጹ በተጎዳ ዲስክ ላይ ግን ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛ፣ በታመመው ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ የተሳሳተ ንባብ ላይ ተመሥርቶ የጻፈው እርማት ትክክለኛውን ሊያጠፋ ይችላል። ሁለተኛ፣ በጥልቀት እንዲመረምር ከታዘዘ የዲስኩን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ዲስኩም የማይነበበውን ሴክተር ደጋግሞ ለማንበብ ሲታገል የቀረችው ዕድሜው በዚያው ታልቃለች። የተጎዳው ጭንቅላት ገና የሚነበበውን ገጽ እየፋቀ ሊሄድም ይችላል።

እንግዲህ «መጠገን» የሚለው ቃል የዕቃውን ደኅንነት ያስቀድማል። የምንፈልገው ግን ዕቃውን አይደለም፤ ዕቃው በገበያ ይገኛል። የምንፈልገው በውስጡ ያለውን ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚሰይመው ቃል ከመያዣው ይልቅ የተያዘውን የሚያስቀድም መሆን አለበት።

«ማዳን» ይበቃል የሚሉ ይኖራሉ። «ዳነ» በአማርኛ ከአደጋ ማምለጥንም ከበሽታ መፈወስንም ስለሚያመለክት፣ «ዲስኩን ማዳን» ሲባል ሐሳቡ ተመልሶ ወደ ዲስኩ ፈውስ ይሄዳል። «ማገገም» ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ያገገመ በሽተኛ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ገጹ የተጎዳ ዲስክ ግን ጽሑፉ ከወጣለት በኋላ እንኳ የሚታመን አይደለም። በስልክና በኮምፒውተር የአማርኛ ገጾች ላይ የተለመደው «መልሶ ማግኘት» የሚለው ነው። የይለፍ ቃሉን ለረሳ ሰው ይህ ትክክል ነው፤ ነገሩ በሌላ ቦታ በደኅና ተቀምጦ ይጠብቀዋልና። ለታመመ ዲስክ ግን ስያሜው ውጤቱን አስቀድሞ ተስፋ ይሰጣል፤ ድርጊቱን ግን አይናገርም። ምን ላድርግ ለሚል ሰው «መልሰህ አግኝ» ማለት መልስ አይሆንም።

እኔ የማቀርበው «ማትረፍ» የሚለውን ነው። «ተረፈ» ማለት ከጥፋት ቀረ ማለት ነው፤ «አተረፈ» ሲባል ከሚጠፋው መካከል ለይቶ አወጣ ማለት ይሆናል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው «ምን አተረፍህ?» ተብሎ ይጠየቃል። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። ጊዜው አጭር መሆኑ፣ ሁሉም እንደማይወጣ፣ አስቀድሞ የሚወጣው የተመረጠው መሆኑ። ቤቱ በሚነድበት ሰዓት ጣራ የሚጠግን የለም፤ ሰው አስቀድሞ ልጁን፣ ቀጥሎ ሰነዱን ያወጣል። ቃሉ ይህን ሥርዓት ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል። ለዚሁ ሥራ ከታወቁት ነጻ ፕሮግራሞች አንዱ የሆነው ጂ ኤን ዩ ዲዲሬስኪው ስሙን ያገኘው በእንግሊዝኛ ከአደጋ ማውጣት ከሚለው ቃል ነው። አሠራሩም እንደ ስሙ ነው። በመጀመሪያ ያለችግር የሚነበበውን ሁሉ ገልብጦ ያወጣል፤ አስቸጋሪውን ዘልሎ ያልፍና ቦታውን በማስታወሻ ይመዘግባል፤ መጨረሻ ላይ ወደ ዘለለው ይመለሳል። ወዳጄ የተጠቀመበት ይህንኑ ነበር።

በ«ማትረፍ» ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ነጋዴው ነው፤ «አተረፈ» በገበያ ትርፍ አገኘ ማለት ነውና። ነገር ግን አማርኛ ሁለቱን ፍቺዎች በመስተዋድድ ሲለያቸው ኖሯል። «በንግድ አተረፈ» እና «ከእሳት አተረፈ» የሚሉትን አዛብቶ የሚሰማ ተናጋሪ የለም። «ከዲስክ ማትረፍ» በሚለው ውስጥ ያለው «ከ» በቂ ጠባቂ ነው።

ስያሜ ግን በዝርዝር ውስጥ ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሊፈተን ይገባዋል። ስለዚህ ከዚህ በላይ የቀረቡትን ቃላት ለቤት ተጠቃሚ በሚጻፍ መመሪያ ውስጥ አስገብቼ አቀርባለሁ፤

«ሃርድ ዲስክዎ ከወትሮው ቢዘገይ፣ ፋይሎች አልከፈት ቢሉ ወይም ያልተለመደ ድምፅ ቢሰማ፣ በዲስኩ ላይ ምንም ነገር አይጻፉ። ይጠገን ለሚል ጥያቄ እሺ አይበሉ። ኮምፒውተሩን ያጥፉ። ዲስኩን አውጥተው ከሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ጋር ያገናኙ፤ የማትረፊያ ፕሮግራምም በታመመው ዲስክ ላይ አይጫን። ከታመመው ዲስክ የማያንስ መጠን ያለው ሌላ ዲስክ ያዘጋጁና ሴክተር በሴክተር ሙሉ ግልባጭ ያውጡ፤ በቀላሉ የሚነበበው ይቅደም፣ የማይነበበው ይቈይ። ግልባጩ ካለቀ በኋላ የታመመውን ዲስክ ነቅለው ያስቀምጡ። የመዝገብ መዛባት ካለ የሚታረመው በግልባጩ ላይ ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ወይም ከነጭራሹ የማይሽከረከር ከሆነ ግን የአካል ስብራት ሊሆን ስለሚችል፣ ከአቧራ የጸዳ ልዩ ክፍል ላለው ባለሙያ ይስጡ እንጂ በቤት አይክፈቱት፤ በማቀዝቀዣም አያስቀምጡት፤ እርጥበት ይይዘዋልና።»

በዚህ መመሪያ ውስጥ «መጠገን» የገባው በክልከላ ብቻ ነው። «ግልባጭ» የሚለውን የመረጥሁት ደግሞ «የዲስክ ምስል» የሚለውን ቀጥተኛ ትርጉም ለመሸሽ ነው። ተጠቃሚው «ምስል» ሲባል ፎቶግራፍ ይፈልጋል። «ግልባጭ» ግን በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግርጌ ሲጻፍ የኖረ፣ ዋናው በእጅ ባይኖር እንኳ ጉዳዩን ለማስፈጸም የሚያገለግል ሰነድ ስም ነው። ሥራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሁን ሲባል፣ የቢሮ ሰው ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ከዚህ ቀጥሎ «ምትኬ» አለ። ዲስክ ከመበላሸቱ በፊት ተዘጋጅቶ ለሚቀመጠው ቅጂ ይህ ስያሜ በስልኮች ላይ በሰፊው ገብቷል። አጭር ነው፣ ያምራል፣ ይታወሳል። ጉድለቱ ግን በጊዜው ላይ ነው። ልጅ የሞተበት ወላጅ ኋላ ለወለደው «ምትኬ» ወይም «ምትኩ» ብሎ ስም ያወጣል። ምትክ የሚመጣው ከጥፋት በኋላ ነው። የእኛ ቅጂ ግን ዋናው በሕይወት ሳለ ካልተወለደ ከቶ አይወለድም። በቃሉ ላይ ተመክቶ «ዲስኩ ሲበላሽ ምትኬውን እሠራለሁ» የሚል ተጠቃሚ ቢኖር ቃሉን በትክክል ተረድቶታል፤ የተሳሳተው ስያሜው ነው። «የመጠባበቂያ ቅጂ» የሚለው በዚህ ረገድ ይሻላል፤ የመጠባበቂያ እህል ከረኀብ በፊት እንደሚከማች ሁሉ ቃሉ ራሱ «አስቀድመህ» ይላልና። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የለመደውን ስያሜ በውሳኔ መሻር ስለማይቻል፣ «ምትኬ» እንዲቀጥልና በመዝገበ ቃላት ፍቺው ውስጥ «ዋናው ደኅና ሳለ የሚዘጋጅ» የሚለው ሐረግ እንዳይቀር አሳስባለሁ።

አንድ ችግር ደግሞ ለእኛ ለፊደላችን ባለቤቶች ብቻ የተተወ ነው። ወዳጄ ካተረፋቸው ፋይሎች ብዙዎቹ ስማቸውን አጥተው፣ በቁጥር ተሰይመው ወጡ። ፋይልን በመዝገቡ ሳይሆን በራሱ በጽሑፉ መነሻ ምልክት የሚለዩ ፕሮግራሞች ስሙን ሊያውቁ አይችሉምና። ይህ የሚጠበቅ ነበር። ያልጠበቅሁት ግን ከፋይሎቹ አንዳንዶቹ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር መሆናቸው ነው። «ተበላሽተዋል» ብዬ ልጥላቸው ነበር። በኋላ እንደ ተረዳሁት ምንም አልሆኑም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ሲሆን፣ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ በየድርጅቱ የተዘጋጁ የተለያዩ የግዕዝ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡ ነበር። ፎንቱ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲጠፋ ጽሑፉ ያለ ልብሱ ይቀራል። ይህን ሁኔታ «ብልሽት» ብሎ መጥራት ሁለተኛ ጥፋት ማስከተል ነው። «ፎንት ያጣ ጽሑፍ» ብንለው መፍትሔው ከስሙ ይገኛል፤ የቀድሞውን ፎንት ማምጣት ወይም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ በአሮጌ ዲስኮች የተቀመጡ የአማርኛ ጽሑፎች ባለቤቶች ይህን ሳያውቁ ሊጥሏቸው ስለሚችሉ፣ ለተርጓሚና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

በመጨረሻ አንድ አጠቃላይ ተቃውሞ ልመልስ። «ባለሙያው ሁሉ ዳታ ሪከቨሪ እያለ ነው፤ አዲስ ስያሜ ለማን ይጠቅማል?» ይባል ይሆናል። ከላይ እንደ ታየው ይህ ጸሐፊ የውሰት ቃላትን አይጠላም፤ ዲስክን፣ ፋይልን፣ ሴክተርንና ፎንትን እንዳሉ ተቀብሏል። ዕቃን በውሰት ስም መጥራት አይጎዳም፤ ዕቃው በዓይን ስለሚታይ ስሙ ባይገባን እንኳ እርሱን እናየዋለን። ድርጊት ግን እንዲህ አይደለም። ድርጊትን የምናየው በቃሉ ውስጥ ነው። «ሪከቨሪ» የሚለው ቃል ለባለሙያው ሙሉ ሥርዓት ይነግረዋል፤ ሌሊት ብቻውን ከማያ ገጹ ፊት ለተቀመጠ ሰው ግን ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ዕቃው በውሰት ስሙ ይጠራ፣ ድርጊቱ ግን በአማርኛ ግሥ ይነገር የሚለውን እንደ መመሪያ አቀርባለሁ።

ለውይይት ይረዳ ዘንድ የቀረቡት ስያሜዎች በአጭሩ እነሆ፤

መሰረዝ፦ የፋይልን ስም ከመዝገብ ማውጣት፤ ጽሑፉ ለጊዜው በሥፍራው ሊቆይ ይችላል።

መፋቅ፦ ጽሑፉን ራሱን ከሥፍራው ማንሣት ወይም ሌላ ደርቦ መጻፍ።

የመዝገብ መዛባት፦ ጽሑፉ በቦታው ሳለ የፋይሎች መዝገብ መሳሳት።

የገጽ ጉዳት፦ የዲስኩ ሴክተሮች በከፊል አለመነበብ።

የአካል ስብራት፦ የጭንቅላት፣ የሞተር ወይም የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ብልሽት።

ሙሉ ግልባጭ፦ የዲስክ ይዘት ሴክተር በሴክተር የተቀዳበት ቅጂ።

ማትረፍ፦ ከተጎዳ ዲስክ የሚነበበውን ሁሉ፣ በዲስኩ ላይ ምንም ሳይጽፉ፣ ወደ ሌላ ማውጣት።

መጠገን፦ የፋይሎችን መዝገብ ማስተካከል፤ በተጎዳ ዲስክ ላይ አይደረግም።

ምትኬ ወይም የመጠባበቂያ ቅጂ፦ ዋናው ደኅና ሳለ የሚዘጋጅና በሌላ ዕቃ የሚቀመጥ ቅጂ።

ከእነዚህ የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቢኖር ይህ ጸሐፊ በደስታ ይቀበላል፤ በተለይም «ማትረፍ» በሌሎች አካባቢዎች አማርኛ እንዴት እንደሚሰማ ማወቅ ይፈልጋል። የሸማኔዎቹን ቃላት በተመለከተ፣ የተረፈው ሦስት አራተኛ ዛሬ በሦስት ቦታ በመጠባበቂያ ቅጂ ተቀምጧል። ስለ ቀረው ሩብ በሕይወት ያሉትን ሸማኔዎች እየዞርሁ እንደገና በመጠየቅ ላይ ነኝ። ያለፉት ሦስቱ የነገሩኝን ግን የሚመልስልኝ የለም።